ዛጎል ይሰፋል እንጂ አይለጠፍም

ለገና ዛፍ የሚሰቀል ጌጥ ከዛጎል ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት ሱፐር ግሉውን ከጠረጴዛው ላይ አንሡ። የዛጎል ገላ ልሙጥ ስለሆነ ሙጫ አጥብቆ አይዘውም። ዛሬ የተለጠፈው ለዘንድሮው በዓል ያምራል። ካርቶን ውስጥ ክረምቱን ከርሞ ሲወጣ ግን ጌጡ አንድ ቦታ፣ ዛጎሉ ሌላ ቦታ ይገኛል።

የሀገራችን ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል። የገጠር እናት ልጇን የምታዝልበትን አንቀልባ አስቡ። ቆዳው ላይ የተደረደረው ዛጎል ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሕፃን ይጎትተዋል፤ አይረግፍም። ምክንያቱም ተሰፍቷል። ክሩ ሲያረጅ ክሩ ብቻ ይቀየራል፤ ዛጎሉ እናትን አልፎ የልጅ ልጅ ያዝላል። በቦረና የወተት ዕቃ ላይም፣ በሐመር ሴቶች የቆዳ ልብስ ላይም፣ አምረው በተሠሩ አገልግሎች ላይም ዛጎል የሚያያዘው በክር ነው። እዚህ የማሳያችሁ የገና ጌጥ ይህንኑ ሙያ አሳንሶ ለዛፍ የሚያውል ነው።

የምንሠራው አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ላለው ዛፍ የሚበቃ፣ 7 የቆዳ ኮከብና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጉንጉን ነው። ለእያንዳንዱ ኮከብ 6 ዛጎል፣ ለጉንጉኑ 30 ዛጎል ያስፈልጋል፤ ድምሩ 72 ነው። ሲሞረድ የሚሰበር ስለማይጠፋ 80 ያዙ።

ጊዜውን በተመለከተ ኅዳር አጋማሽ ላይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል። መካከሉ ከስድስት ሳምንት ይበልጣል። ይህ ሥራ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ አይደለም፤ ማታ ማታ ቡና እየተፈላ ጥቂት ጥቂት እየተሠራ የሚያምር ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሳንነጋገር አንለፍ። ዛጎል ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ “ይሄ የጠንቋይ ዕቃ አይደለም ወይ?” የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዛጎል እየጣሉ ዕጣ ፈንታ እንናገራለን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ጨሌና ዛጎል ከዛር ጋር አብረው ሲነሡም ኖረዋል። ነገር ግን ያው ዛጎል የሕፃን ማዘያ ጌጥ ነው፣ የወተት ዕቃ ጌጥ ነው፣ የሙሽራ ስንቅ የሚጫንበት አገልግል ጌጥ ነው። ጠንቋይ ስለተጠቀመበት ከባለሙያ እናቶች ልንቀማው አይገባም ባይ ነኝ። ቢሆንም እቤት ውስጥ የሚከፋቸው ታላላቆች ካሉ ሥራው ሳይጀመር አስረዷቸው፤ አንቀልባን ሲያስታውሱ የብዙዎቹ ልብ ይመለሳል። እኔ በዚሁ ምክንያት ጨሌውን ትቼ በዛጎሎቹ መካከል አለላ፣ ማለትም የተቀለመ ስንደዶ፣ አስገባለሁ። ለገናም ቢሆን ይበልጥ የሚስማማው አለላ ነው።

ደረጃ 1፦ ዛጎሉን መግዛት

አዲስ አበባ ከሆናችሁ መርካቶ ሂዱ፤ እኔ ከሰፈሬ ከመካኒሳ ሳር ቤትን አልፌ በሜክሲኮ በኩል እሄዳለሁ። የባህል ጌጣጌጥ፣ ጨሌና ዶቃ ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቁ። ፖስታ ቤት አካባቢ ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት የባህል ዕቃ ሱቆችም ብዙ የዛጎል ሥራ አላቸው፤ እዚያ ግን የሚሸጠው በአብዛኛው የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ለማየት እንጂ ለዛጎሉ ብላችሁ አትግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። አሮጌ አንቀልባ በርካሽ ገዝቶ፣ ዛጎሉን ፈትቶ፣ ቆዳውን የሚጥል ሰው አለ። የአንድ እናት የእጅ ሥራ ለአንድ ዛፍ ጌጥ ተብሎ መፍረስ የለበትም። ያልተሰፋ ዛጎል ተፈልጎ ይገኛል፤ ያን ግዙ።

ዛጎል ከሕንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር የሚወጣ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ከጥንት ጀምሮ በጠረፍ ወደቦች በኩል ከሲራራ ነጋዴ ጋር ወደ ደጋው ሲወጣ ኖሯል። በምዕራብ አፍሪካና በእስያ ብዙ ቦታ ገንዘብ ሆኖ ሠርቷል። እኛ ዘንድ መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ብር ስለነበሩ ዛጎል በጌጥነቱ ጸና።

ስትመርጡ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነውን ውሰዱ። ከዚያ ያነሰውን መፈግፈግ ጣት ይፈጃል፤ ከዚያ የበለጠው ለኮከቡ ይከብዳል። በገበያ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ያለው፣ ሌላው ቢጫ ቀመስና ጎበጥባጣ። የምንሰፋው አፉ ወደ ላይ ሆኖ ስለሆነ ሁለቱም ይሆናሉ፤ አንድ ኮከብ ላይ ግን አታቀላቅሏቸው። በአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ያልተሸረፉ፣ ገላው ያልተሰነጠቀ ይሁን። ፕላስቲክ የሆነም ይሸጣል። እውነተኛው ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት አይሆንም። የፕላስቲኩ ጎን ላይ ቅርጽ ማውጫው ያስቀረው ቀጭን መስመር ይታያል።

ጀርባው ተቆርጦ የተዘጋጀ ዛጎል ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ግዙት። ደረጃ 3ን በሙሉ ያስቀርላችኋል።

ደረጃ 2፦ ማጠብ

ለብ ባለ ውኃ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የአፉን ውስጥ ፈትጉ፣ አለቅልቁ፣ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስጡ። ሽታ ያለው ከሆነ ውስጡ የእንስሳው ትራፊ አለ ማለት ነው፤ ውኃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ ሽታው እስኪጠፋ አቆዩት።

ሎሚና ኮምጣጤ በፍጹም አይንካው። ዛጎል የተሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር ነው። አሲድ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል፤ ያ ማማሩ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ይደበዝዛል፣ ተመልሶም አይመጣም። በረኪናም ቢሆን ብርሃኑን ይወስደዋልና ተዉት። መቀቀልም አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን መክፈት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሙሉ ዛጎል ጀርባው ጎባጣ ስለሆነ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ይንከባለላል፣ ክር የሚገባበትም የለውም። ጎባጣው ተሞርዶ ሲከፈት ግን ዛጎሉ ሜዳ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ረግቶ ይቀመጣል፤ ክሩም በተከፈተው ጀርባ ገብቶ በአፉ ይወጣል። አንቀልባ ላይ ያለውን ብታገላብጡት ጀርባው እንዲህ የተከፈተ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የቢላ መሳያ ድንጋይ ወይም የተሰበረ ብሎኬት ቁራጭ፣ ሳፋ ውስጥ ውኃ፣ የብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭና የአናጢ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ካላማዳሪው ዛጎሉ ከእጅ እንዳያመልጥ መያዣ ነው። ጣታችሁንም ከድንጋዩ ያድንላችኋል።

ድንጋዩን ሳፋው ውስጥ ግማሹ ውኃ እንዲነካው አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዛጎሉን አፉ ወደ እናንተ፣ ጀርባው ወደ ድንጋዩ ሆኖ በካላማዳሪው ያዙት። ከዚያ ክብ እየሠራችሁ ፈግፍጉ። አትጫኑ፤ ድንጋዩ ይሠራል። መጀመሪያ የላይኛው ባለቀለም ሽፋን ይሄድና ከሥሩ ሐምራዊ የመሰለ ቀለም ብቅ ይላል፤ ቀጥሎ ነጩ ይመጣል። ነጩ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ከድፍን ወደ ክፍት። ያኔ እጃችሁን ይበልጥ አለዝቡ፤ ትንሽ ቀዳዳ ትከፈታለች። እዚህ ጋ ቸኩሎ የሚጫን ሰው ዛጎሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው ከዛጎሉ ርዝመት ግማሽ ያህል እስኪሆን ቀጥሉ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ጠርዙ ስለሚሳሳ ክሩ ሲወጠር ይሸረፋል።

በየመሃሉ ድንጋዩንና ዛጎሉን ውኃ ውስጥ ንከሩ። በደረቁ መፈግፈግ የተከለከለ ነው፤ የሚነሣው ነጭ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ልጆች ይህን ደረጃ አይሥሩ፤ አስም ያለበት ሰውም ለሌላ ይስጠው። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ብታደርጉ ደግሞ የተሻለ ነው። ሳፋው ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ውኃ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ብናኙ ይዘቅጥና ይደፍነዋል። አትክልት ሥር ቢደፋ ግን ጉዳት የለውም።

ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ውስጡ የተጠቀለለ ስስ ግድግዳ ታያላችሁ። በወፍራም ሽቦ ጫፍ ሰብራችሁ አውጡት፤ ካልወጣ መርፌ አያሳልፍም። በመጨረሻ የቀዳዳውን ጠርዝ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሻካራ ጠርዝ ግን ቢላ ነው፤ ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። ጌጡ በሦስተኛው ዓመት የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 4፦ ቆዳውን መቁረጥ

ጫማ ከሚሠሩ ሰዎች ብጥስጣሽ ቆዳ ለምናችሁም ገዝታችሁም ታገኛላችሁ። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ቀለሙ ጥቁር ወይም ቀይ ቡኒ ቢሆን ዛጎሉ ፍንትው ይላል፤ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ዛጎል ይጠፋል። ከኮከቡ ጀርባ ለሚሰፋው ገበር አቡጀዲ ይበቃል። የእጅ ሽመና ከወደዳችሁ ደግሞ ከመካኒሳ ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ አለርት ግቢ አለ። ማዕከሉ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው፤ በሽታው የጎዳቸው ሰዎች በእጃቸው የሚሠሩት የጥልፍና የሽመና ሥራ እዚያ ይሸጣል። ከእነሱ የተገዛ ጨርቅ ለገበር ከመሆን አልፎ ለዛፉ ሥር ማልበሻም ያምራል።

ከልጆች የሒሳብ መሣሪያ ሳጥን ኮምፓስና ፕሮትራክተር ተዋሱ። ካርቶን ላይ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ፣ በዚያው መሃል ነጥብ ላይ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ክብ ሥሩ። ትልቁ ክብ ላይ በየ72 ዲግሪው አምስት ነጥብ ምልክት አድርጉ። ትንሹ ክብ ላይም እንዲሁ አምስት ነጥብ፣ ነገር ግን ከትልቁ ነጥቦች ትክክል መካከል እንዲውሉ 36 ዲግሪ አዙራችሁ። ነጥቦቹን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እያገናኛችሁ ስትሄዱ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ካርቶኑን ቆርጣችሁ ቆዳው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ቅዱ። ቆዳውን በተሳለ መቀስ ቁረጡ፤ የደነዘዘ መቀስ ጠርዙን ያኝከዋል። ገበሩን ቆዳው ባለቀ ልክ ሳይሆን በዙሪያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡት።

ደረጃ 5፦ መስፋት

መካኒሳ እኛ ሰፈር ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት አሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያዘሉበትን አንቀልባ እስካሁን አልጣሉትም። የዛጎሉን አሰፋፍ እንዲያሳዩኝ ስለምናቸው አንቀልባውን ገለበጡና “ልጄ፣ ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ ወዲህ ነው ማየት” አሉኝ። ከጀርባ በኩል እያንዳንዱ ዛጎል ሁለት አጫጭር ስፌት አለው፣ እያንዳንዱም ለብቻው ተቋጥሯል። አንዱ ዛጎል ቢላቀቅ ጎረቤቱን ይዞ አይሄድም። እኔም ከዚያ ወዲህ ክር ለመቆጠብ ብዬ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሬ ሰፍቼ አላውቅም፤ እናንተም አትሻገሩ።

ክሩ የጫማ ሰፊ ጠንካራ ክር ይሁን። 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና በጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡት። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ ከእርጥበት ይጠብቀዋል፣ ቋጠሮውም እንዳይፈታ ይይዘዋል።

ዛጎሉን ኮከቡ ላይ አስቀምጡ፤ አፉ ወደ ላይ፣ የተከፈተው ጀርባ ወደ ቆዳው። መሃል አንድ፣ በየጨረሩ አንድ አንድ፤ የጨረሮቹ ዛጎሎች አፍ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሄድ መስመር ይሁን። ስድስቱንም ደርድራችሁ እዩ፣ አስተካክሉ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ ትታችሁ ሌሎቹን አንሡ።

አሁን ዛጎሉን ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የአፉ መስመር ከዳር እስከ ዳር ይሄድና ሁለቱ ጫፎች ላይ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ያልቃል። ክሩ የሚተኛው በእነዚያ ሁለት ጎድጓዶች ውስጥ ነው። ተፈጥሮ ያዘጋጀችው ቦይ ስለሆነ ክሩ አይንሸራተትም፣ ከፊትም ጎልቶ አይታይም።

በእርሳስ ከዛጎሉ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ራቅ ብላችሁ አንድ ነጥብ አድርጉ። ሌላውን ነጥብ በዚያው መስመር ከዛጎሉ ሥር፣ ከጫፉ ወደ ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጉት። በሌላው ጫፍም እንዲሁ። ለአንድ ዛጎል አራት ነጥብ ማለት ነው። ዛጎሉን አንሡና አራቱንም በወስፌ ብሱ፤ ከሥር የእንጨት ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን ይኑር። በመርፌ በግድ ለመብሳት አትሞክሩ፤ መርፌው ይሰበራል፣ ጣትም ይወጋል።

መርፌውን ከቆዳው ጀርባ በውስጠኛው ቀዳዳ አውጡ፤ የክሩን ጫፍ አንድ ጣት ያህል ከጀርባ አስቀሩ። መርፌው በዛጎሉ ክፍት ጀርባ ገብቶ በአፉ ይወጣል። ክሩን በጎድጓዳው ላይ አስተኝታችሁ በውጭኛው ቀዳዳ ወደ ጀርባ መልሱት። ይህንኑ አንድ ጊዜ ድገሙ፤ በየጫፉ ድርብ ክር ይሁን። ስትስቡ ክሩን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥታ ወደ ታች ሳቡት። ከዚያ ከጀርባ ያስቀራችሁትን ጫፍና የመርፌውን ክር ሦስት ጊዜ ቋጥሩ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። በሌላው ጫፍ ድገሙት።

አሁን ዛጎሉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ለማዞር ሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ ፈታችሁ እንደገና ስፉ። ትንሽ የሚወዛወዝ ዛጎል ክሩን በራሱ ጠርዝ እየገዘገዘ ያድራል፤ “ምንም አይል” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሌሎቹንም አምስቱን እንዲሁ ስፉ።

ደረጃ 6፦ ማንጠልጠያና ገበር

ከቆዳው ትራፊ ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍር ቁረጡ። ለሁለት አጥፋችሁ ከላይኛው ጨረር ጀርባ ሁለቱን ጫፍ ስፉ። ከዚያ ገበሩን ቋጠሮዎቹ ላይ አልብሱ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፉ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት ከቆዳው ጠርዝ ጋር አያይዙ። ለቆዳው ጠርዝ በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ ቀድማችሁ በወስፌ ብሱት። ገበሩን በማስቲሽ ለጥፎ መገላገል ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ቀን አንድ ክር ሲበጠስ ገበሩን ፈትቶ ቋጠሮው ጋ መድረስ የሚቻለው ከተሰፋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የማስቲሽ ሽታ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ መሽተት የሌለበት ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ ጉንጉኑ

ይህ ቀላል ነው፣ ልጆችም ይሠሩታል። ጠንካራ የጥጥ ፈትል ወይም ቀጭን የቃጫ ገመድ 2 ሜትር ያህል ቁረጡ፤ በቋጠሮ የሚሄደውንና በሁለቱ ጫፍ የሚታሰረውን ይጨምራል። ክሩን በዛጎሉ ክፍት ጀርባ አስገብታችሁ በአፉ አውጡ፣ ከዛጎሉ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ቋጠሮ ጣሉ። በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዛጎል።

በዛጎሎቹ መካከል አለላ ይገባል። ቀይና አረንጓዴ የተቀለመ ስንደዶ ስፌት ከሚሰፉ እናቶች ወይም ከገበያ ታገኛላችሁ። ሩብ ሰዓት ውኃ ውስጥ አርሱት፤ ደረቁ ይሰበራል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ቀለሙ ይለቃል። እርጥቡን ገመዱ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠምጥሙ፣ ጫፉን በወስፌ ከጥምጥሙ ሥር አስገቡ። ሲደርቅ ጠንክሮ ይይዛል። ልጆቹ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ እየተቀባበሉ ሲጠመጥሙ ሥራው ቶሎ ያልቃል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ያልተሰፋ ዛጎል አጠገብ አይቀመጥ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ልክ ያለው ነገር ነው።

ዛጎል ካልተገኘ

ዝዋይ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ስትሄዱ ሐይቁ ዳር ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ታገኛላችሁ። ያም ያምራል፤ ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛ፣ የሚለቀመው ዳር ላይ የደረቀው ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው። በሕይወት ያለውን ፍለጋ ውኃ ውስጥ አትግቡ፤ ዝዋይንና ሐዋሳን ጨምሮ ብዙ ሐይቆቻችን ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። የበሽታው ጥገኛ የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ሰው የሚገባውም ውኃው ውስጥ እግር ሲነከር በቆዳ በኩል ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ቅርፊት ስስ ስለሆነ መሞረድም መስፋትም አይችልም። ውስጡን በኮላ የራሰ ጥጥ ሙሉት፣ ጥጡ ውስጥ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ቅበሩ፣ አንድ ቀን አድርቁና በሽቦው ስቀሉት። ሙጫ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው፤ ኮላው ቅርፊቱን ከላይ የሚለጥፈው ሳይሆን ውስጡን የሚሞላው ስለሆነ ይጸናል።

ደረጃ 8፦ መስቀልና ማስቀመጥ

ኮከቡ ገበያ ላይ ካለው የፕላስቲክ ኳስ ይከብዳል። ከቅርንጫፉ ጫፍ ሳይሆን ከግንዱ ቀረብ ያለውን ወፍራሙን ክፍል ምረጡ፤ የፕላስቲክ ዛፍ ከሆነ ማንጠልጠያውን ሁለት ጊዜ ጠምጥሙት። ለዚህ ጌጥ ብላችሁ ጥድ አትቁረጡ። ግቢ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ የቆመው ተክል ላይ ይስቀል፤ ኮንዶሚኒየም ያለ ደግሞ ደረቅ ቅርንጫፍ በማሰሮ አቁሞ በጉንጉኑ ቢጠመጥመው እንዲያውም የዛጎሉ ንጣት ይበልጥ ይወጣል። መብራት የምታበሩ ከሆነ ሞቅ የሚለው አምፖል ከቆዳው ይራቅ።

ከጥምቀት በኋላ ስታወርዱ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉ። ቆዳው እንዳይደርቅ ቀለም በሌለው የጫማ ክሬም በስሱ ቀቡት፤ ገጠር ያሉ እናቶች አንቀልባቸውን ቅቤ የሚቀቡት ለዚሁ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ቅቤ ይሸታል። ኮከቦቹን በመካከላቸው ጨርቅ እያደረጋችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ፌስታል አይሆንም፤ እርጥበት ያፍንና ቆዳውን ያሻግተዋል። ከዚያው ጋር የተረፉትን ዛጎሎች፣ አንድ ጥቅል ክርና ቁራጭ ጧፍ አብራችሁ አኑሩ። በሚቀጥለው ኅዳር ካርቶኑን ስትከፍቱ እያንዳንዱን ዛጎል በጣት ሞክሩ። የላላ ካለ ገበሩን በዚያ ጨረር በኩል ብቻ ፍቱ፣ አሮጌውን ክር ቆርጣችሁ አውጡ፣ በዚያው ቀዳዳ በአዲስ ክር ስፉት።